ዝናብ እስኪዘንብ የታሰረው አናጢ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር ጋብ ብሏል በተባለበት ክረምት፣ ናዝሬት ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ አስተማሪ ነበርኩ። ስለዚያ ዘመን የሚጽፍና የሚያወራ ሰው ሁሉ ወይ ጀግና ነበር፣ ወይ ሰማዕት ከመሆን ለጥቂት የተረፈ ነው። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። ጣራው የሚያፈስበት ሰው ነበርኩ። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን ካየሁትም ካነበብኩትም ሁሉ አልለቅ ያለኝ ይኸው የጣራ ጉዳይ ነው። አንድ ተራ የሠፈር ጠብ የሰው ነፍስ የሚጠፋበት ነገር ሲሆን ያየሁት በገዛ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ነውና።

ባለቤቴ ጽጌና እኔ የምንኖርባት ቤት ከአማቴ የወረስናት ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ አፈር፣ ኮርኒሷ አቡጀዴ። ቆርቆሮዋ ዝጎ ዝጎ በቀን ፀሐይ፣ በክረምት ውሃ ያስገባ ነበር። ቆርቆሮ ደግሞ ያን ጊዜ ሱቅ ሄደው የሚገዙት ነገር አልነበረም። ቀበሌ ነው የሚያከፋፍለው። ተራ ይጠበቃል። ተራችን ሲደርስ ጽጌ እልል ብላለች፤ እኔም እልልታዋን አልነቀፍኩም፤ ብዙ ነገር ስነቅፍ ለኖርኩ ሰው ቀላል አይደለም።

አናጢው ገመዳ ይባላል። ከናዝሬት ብዙ የማትርቀው የደራ ሰው ነው። አርባን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ የሚናገር፣ ሲናገርም ሚስማሩን የማይጥል። አብሮት የሚሠራው የእህቱ ባል ሁሴን ነው። ደራ ላይ ብዙ ቤት እንደ ሠሩ ሰምቼ ነበር። ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ክብ ክብ እየቆረጡ በየሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ ሲያደርጉ ባይ ጊዜ፣ «እነዚህስ ሥራ ያውቃሉ» አልኳት ለጽጌ። ሥራቸውን ጨርሰው፣ ምሳ በልተው፣ ደሞዛቸውን ተቀብለው፣ መርቀውን ሄዱ።

የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሲመጣ ውሃው አልጋችን ላይ ወረደ።

ነገሩ ቀላል ነው። ቆርቆሮ ሲመታ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ይደረባል። የተደረበበት አፍ ነፋስ ከሚመጣበት ዞር ማለት አለበት። ናዝሬት የነፋስ ከተማ ናት። የክረምቱ ዶፍ በእኛ ሠፈር ከወንጂ በኩል በነፋስ ተገፍቶ ነው የሚመጣው። ገመዳ ግን ደራ ላይ እንደለመደው መትቶ፣ የቆርቆሮውን አፍ ሁሉ ወደ ወንጂ ከፍቶታል። ነፋሱ ዝናቡን በየአፉ ያጎርሰዋል። አቡጀዴው ውሃውን ይቀበልና መሃሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ይነፋል፤ ከዚያ ጽጌ በመጥረጊያ እንጨት ትወጋዋለች፤ ከዚያ እኔ በባልዲ እቀበላለሁ።

ሰውየውን አስጠርቼ አሳየሁት። ደጅ ቆሞ ጣራውን ሽቅብ አየና፣

«መምህር፣ ቆርቆሮው ምንም አልሆነ» አለኝ።

«ውሃው ግን አልጋዬ ላይ ነው።»

«እሱ ነፋስ ነው። ደራ ላይ ነፋስ በዚህ በኩል አይመጣም።»

«ቤቱ ያለው ናዝሬት ነዋ!»

«እንግዲያ ነፋሱን ክሰሳ!» ብሎ ሁሴንን እያየ ሳቀ። ሁሴን አልሳቀም፤ እሱ ቀድሞም የገባው ይመስለኛል።

ጠቡ በዚህ አላበቃም። በመጣ ቁጥር በር ላይ እንጨቃጨቃለን። እኔ ዛሬ የማፍርባቸውን ነገሮች ተናግሬዋለሁ፤ እሱም «አስተማሪ አፍ ብቻ ነው፣ መዶሻ ይዞ አያውቅም» ብሎኛል። በመጨረሻ ነገሩን በሽማግሌ ልንጨርሰው ተስማማን። ሽምግልና ነፍሴ አትወደውም። ሽማግሌ እውነት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሁለታችሁም ዝም እንድትሉ ነው። ግን ውሃ በአልጋ ላይ እየወረደ ስለ እውነት መከራከር አይመችም። ለእሑድ ቀጠሮ ያዝን።

እሑድ ከመድረሱ በፊት የቀበሌ ስብሰባ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ናቸው። ጽጌን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት። በየማለዳው እርጥብ ፍራሽ አጥር ላይ ስታሰጣ እያዩ አንጀታቸው ሲበላ ሰንብቷል። ስብሰባው ላይ «ልዩ ልዩ» የተባለው ሰዓት ሲደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ጓዶች፣ ቀበሌያችን ለሰፊው ሕዝብ ያከፋፈለውን ቆርቆሮ አንድ አናጢ አበላሽቶ ሄዷል። የመምህር ቤት ውስጥ ሰው መተኛት አልቻለም። ይህ አሻጥር ካልሆነ ምንድን ነው?»

እኔ ኋላ ተቀምጬ እንደ ሌላው ሕዝብ አንቀላፍቼ ነበር። በዚያች ቃል ነቃሁ።

ለዛሬ ወጣት አሻጥር ማለት የኳስ ዳኛ የሚሰደብበት ቃል ነው። ያን ጊዜ ሰው የሚበላ ቃል ነበር። ዳቦ ቢጠፋ አሻጥር፣ አውቶቡስ ቢበላሽ አሻጥር። አሻጥር ካለ አሻጥረኛ አለ፤ አሻጥረኛ ካለ የሚላክበት ቦታ አለ። እትዬ አስካለ የፈለጉት ቀበሌው ገመዳን ጠርቶ፣ ተቆጥቶ፣ ጣራችንን እንዲያስጠግንልን ብቻ ነበር። ቃሉን የተጠቀሙት ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት ነው። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ፤ ውለታ ውለውልኛላ።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ አውቶቡስ ተራ ትኬት ይቆርጥ የነበረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ከሚጮኹት ይልቅ እሱን ነበር የምንፈራው።

«ጓድ መምህር፣ እውነት ነው?» አለኝ።

«ትንሽ ያፈሳል። በሽማግሌ ይዘነዋል።»

«በሽማግሌ» አለና ቃሉን እንደ እንግዳ ምግብ አላመጠው። «የሕዝብ ቆርቆሮ በሽማግሌ አይታይም፣ ጓድ።»

በማግስቱ ገመዳን ከሌላ ሰው ጣራ ላይ አወረዱት። አብዮት ጠባቂዎቹ ከታች ሆነው ሲጠሩት ሥራ ሊሰጡት የመጡ መስሎት እየሳቀ መሰላሉን እንደ ወረደ ሁሴን ነግሮኛል። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው መጋዘን ቆለፉበት። መጋዘኑ ቆርቆሮ የሚቀመጥበት ነው፤ ያን ጊዜ ቆርቆሮ ስላልነበረ ለሰው ይበቃ ነበር።

ወዲያው ሄጄ ሊቀመንበሩን አነጋገርኩት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጥሩ ንግግር ነው፤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጓድ መምህር፣ አንተ ትንሽ ነው የሚያፈሰው ትላለህ። ጓዲት አስካለ ብዙ ነው ትላለች። እኔ በወሬ ሰው ላይ አልፈርድም። ዝናብ ይዝነብ። መጥተን ቤትህ ቁጭ እንላለን። ካላፈሰሰ ይፈታል።»

«ካፈሰሰስ?»

«ካፈሰሰ አሻጥር ነው፤ ወደ በላይ ይተላለፋል። እስከዚያ ጣራው ላይ ማንም እንዳይወጣ።»

ከክፍሉ ስወጣ ሰውየው ትክክለኛ መሆኑን አሰብኩ። አልጮኸም፤ አልደበደበም፤ ማስረጃ ነው የጠየቀው። በሕይወቴ ያነበብኳቸው የፍትሕ መጻሕፍት ሁሉ የሚያመሰግኑት ዓይነት ዳኛ ነው። የፈራሁትም ለዚህ ነው።

«ወደ በላይ» ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያው ዓመት ከሠፈራችን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ወደ በላይ ተላልፎ ነበር። ሚስቱ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ሌላ ምንም አልነገሯትም።

እና ዝናቡ ጠፋ።

ሐምሌ ገብቶ ናዝሬት ላይ አቧራ ይነሣ ነበር። ደመና ከወንጂ በኩል ይመጣል፣ ከተማው ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ምንም ሳይጥል ወደ አዋሽ ያልፋል። ገበሬው በቆሎዬ አለቀ ይላል። ጋሪ ነጂው ፈረሴ ሣር አጣ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ምሕላ ያዘ፤ መስጊዱም ለዝናብ ሰገደ። እኔም ከጽጌ ጋር ሄጄ ከሕዝቡ ጋር «እግዚኦ» አልኩ፤ በልቤ ግን የምለው ሌላ ነበር። በዚያ ከተማ ዝናብ እንዳይዘንብ የሚጸልይ ሰው እኔና ያ መጋዘን ውስጥ ያለው ሰውዬ ብቻ የነበርን ይመስለኛል። ኋላ እንደተረዳሁት እንዲያውም እኔ ብቻ ነበርኩ።

የገመዳ ሚስት በጠዋት መኪና ከደራ ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ስንቁን አድርሳ ስትመለስ በእኛ በር በኩል ታልፋለች። ትቆማለች። እኛን አታየንም፤ ጽጌ «ግቢ እንጂ እታለም፣ ውሃ ጠጪ» ስትላት እንኳ ዞር አትልም። ጣራውን ብቻ ታያለች። አይታ አይታ ትሄዳለች። ከብዙ ስድብ ያ አስተያየት ይከብደኝ ነበር።

ሁሴን አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ጣራውን እንዲያዩ የተመደቡት ጠባቂዎች ሊበሉ ሲሄዱ ጠብቆ፣ በጓሮ ገባ።

«ከላይ መውጣት አይቻልም። ከውስጥ የሚደፈን ጣራ ደግሞ ወላሂ የለም» አለ። «ግን እንሞክር።»

የአቡጀዴውን ጠርዝ ፈትተን ጠረጴዛ ላይ ወጣን። ያገኘነውን ሁሉ ወደ ቆርቆሮው አፍ ጠቀጠቅን፤ የሻማ ሰም፣ ሳሙና፣ የከመነዳሪ ቁራጭ፣ የጽጌን አሮጌ ቀሚስ በሬንጅ ነክረን። ለብዙ ቀን በምሳ ሰዓት እየመጣ እንዲህ ሠራን። አንድ ቦታ ግን አልሆነልንም። የሳሎኑ ማዕዘን ላይ ማገሩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እጅ አያስገባም።

«እዚህ ጋ ትፈሳለች» አለ ሁሴን። «እዚህ ጋ ምን ታስቀምጣላችሁ?»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ባልዲ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ባልዲ ይናገራል። ቁም ሣጥን የለንም።

«እኔን» አልኩ። ወንበሬን እዚያ አደረግኩ።

ዝናቡ የመጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ከወንጂ በኩል ሰማዩ እንደ ተጣደ ብረት ድስት ጠቆረ። ነፋሱ መጀመሪያ አቧራውን፣ ከዚያ የሰው ልብስ ከየገመዱ ይዞ መጣ። የአፈሩ ሽታ ከመድረሱ በፊት የእግር ኮቴ ሰማን። ኮሚቴው እየሮጠ ነበር። ዝናቡን ቀድመው ደረሱ።

ሊቀመንበሩ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች፣ እትዬ አስካለ፣ በመካከላቸው ገመዳ። ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በእጁ ይዟል። ከስቷል። በሩ ሥር እንዲቆም አደረጉት። ሊቀመንበሩ የሳሎኑ መሃል ተቀመጠ፣ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ ሰቀለ። እኔ ማዕዘኔ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወረደ።

ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዶፍ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጆሮ ውስጥ ቦታ አይተርፍም። መነጋገር አይቻልም። ሁላችንም ሽቅብ እናያለን። አቡጀዴው በቀድሞው ዝናብ ቡናማ ቡናማ ክብ ሠርቶበታል፤ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ያስቸግራል። ሰሙ ያዘ። ቀሚሱ ያዘ። ጽጌ በጓዳው በር ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ማጅራቴ ላይ አረፈች። ቀዝቃዛ ናት። አልተንቀሳቀስኩም። ሌላ መጣች። ትንሽ ቆይቶ ጠብታ መሆኑ ቀረና በአንገቴ ወደ ጀርባዬ የሚወርድ ቀጭን ክር ሆነ። ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተለጠፈ። ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ፤ ያንን ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

ጽጌ ያን ጊዜ ያደረገችውን ዛሬም አስበዋለሁ። ከአልጋው ላይ ጋቢ ጎትታ መጣችና ከነራሴ ጠቀለለችኝ። ከዝናቡ ድምፅ በላይ ጮኸች፤

«ወባው ተነሣበት! ይኸው ሰዓቱን ጠብቆ!»

ናዝሬት ውስጥ ወባን የሚጠራጠር የለም። አንደኛው ጠባቂ እንዲያውም አዘነልኝ።

«እኔንም እኮ ባለፈው ልትደፋኝ ነበር! ኪኒኑን ዋጠ?»

«ውጧል!»

«በባዶ ሆድ እንዳይሆን!»

«በልቷል!»

ሰው ሊሞት ወይም ሊድን በተቀመጥንበት ቤት ስለ ወባ ኪኒን ይጮኻሉ። ውሃው አሁን በጋቢው ላይ ነው የሚወርደው። ጋቢ ውሃ ይጠጣል፤ እየከበደኝ ሄደ።

እትዬ አስካለ ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ዝም ብሎ አያስቀምጣቸውም። ተነሡ። ወደ እኔ መጡ። ጽጌ ልትከለክላቸው እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችባቸውም። «አይዞህ ልጄ» ብለው ትከሻዬን ያዙ።

እጃቸው ጋቢው ውስጥ ሰመጠ።

ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ከዚያ በሩ ሥር ሱሪውን ይዞ የቆመውን ሰው አዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። በስብሰባው ላይ የተናገሯት ቃል ምን እንደነበረች የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

«ላብ ነው!» ብለው ጮኹ። «ላብ አጠመቀው! ላቡ ከወጣ ተወው፣ ዳነ በሉ፣ ተመስገን!»

እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተመልሰው ተቀመጡ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት።

ዝናቡ ሲቀንስ ሊቀመንበሩ ተነሣ። ቤቱን ዞረ። መኝታ ክፍሉን አየ፣ ፍራሹን በእጁ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ተመልሶ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ጓድ መምህር፣ ጣራህ ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«ጓዲት አስካለ?»

«እኔ ምን አየሁ፣ ልጄ … ጓድ። አሮጊት ነኝ፤ ድሮ ያፈሰሰውን ነው ያየሁት።»

ወደ ገመዳ ዞረ። «አንተስ? ጣራህ ያፈሳል?»

ገመዳ ሱሪውን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«የእኔ ጣራ!» አለ። «ደራ ሂዱና ጠይቁ! ይህ ሰውዬ ነው ስሜን ያጠፋው። አላልኩም? አያፈስም አላልኩም?»

ከልቡ ነው የተናገረው። ከቆመበት ምንም አይታይም። ሰውየው እዚያ መጋዘን ውስጥ ሆኖ ዝናብ እንዲዘንብ ሲጸልይ ነው የከረመው። በዚያች ደቂቃ ጋቢውን ገልጬ «ና ንካ!» ልለው እንደ ቃጣኝ አልሸሽግም። ክርክር መሸነፍ አልወድም።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ቀረበና የእጁን ጀርባ ግንባሬ ላይ አደረገ። እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ። እዚያ አቆየው።

«ወባ ትኩሳት አለው» አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አንተ ቀዝቃዛ ነህ።»

እጁን አነሣ። ቆቡን አደረገ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ሳይል «ፍቱት» አለ።

ገመዳ ተፈታ። ቀበቶውን ሰጡት። ሚስቱ በሩ ላይ ዝናብ እየመታት ቆማ ነበር፤ ይዛው ሄደች።

ያ ክረምት ለእኔ ያን ቀን አላበቃም። ሰውየው ያውቃል። እኔ ማወቁን አውቃለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ጓድ መምህር፣ ወባህ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ በትሕትና። «ደህና ነው» እላለሁ። የሚፈልገውን እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። ምንም አልጠየቀኝም። ኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሄደ፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ይህን ስተርክ ሰዎች «እሱም ሰው ነበር፣ ራርቶ ነው» ይሉኛል። አልቀበልም። የራራ ሰው ዝም ይላል፤ ማወቁን ሊነግረኝ ግንባሬን አይዳስስም። ግን ምን እንደነበረም አላውቅም።

ጣራው? ጣራው ማፍሰሱን ቀጠለ። ሕዝብ «አያፈስም» ብሎ የፈረደበትን ጣራ ማስጠገን ሕዝብን ሐሰተኛ ማድረግ ነው። አልጋችንን እያዞርን፣ ባልዲውን እንግዳ ሲመጣ እየደበቅን ነሐሴን ገፋን። ገመዳ ደግሞ ገበያ ላይ ሲያየኝ ከሩቅ ይጮኻል፤

«መምህር! ሕዝብ ፈረደልኝ! አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው!»

ሁሴን እውነቱን ሊነግረው ሞክሮ ነበር። «አንተም ለአስተማሪው አደርክ?» ብሎ ለቀናት አኩርፎታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናብ ባረገዘ አንድ ከሰዓት፣ ሁሴን እየጎተተ ይዞት መጣ። ገመዳ የተቆጣ ነበር። ሰላም አላለኝም። ባዶ የነበረው ወንበር ማዕዘኑ ላይ ያለው ነው፤ እዚያ ተቀመጠ። ሁሴን አስቦበት እንደሆነ አላውቅም።

ዝናቡ ከወንጂ መጣ። ገመዳ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም፤ ሊያሳፍረኝ ነው የመጣው። ከዚያ እጁ ወደ ማጅራቱ ሄደ። ጣቶቹን አየ። ሽቅብ አየ። እንደገና እኔን አየ፤ ቀስ ብሎም ያን ቀን የቆመበትን በሩን፣ ከዚያም ማዕዘኑን ዞሮ አየ።

«ያን ቀን …» አለ።

«ያን ቀን» አልኩት።

ተነሥቼ ወንበሩን ላንሣለት ክንዱን ያዝኩ። እጄን ገፋው።

«ተወኝ» አለ።

ጎንበስ አለና ማጅራቱን ለውሃው ሰጠው። ሁሴን ሁለት ጊዜ «ገመዳ፣ ይበቃል» አለው። አልሰማም። ዝናቡ እስኪያባራ ከዚያ ወንበር ላይ አልተነሣም። «ያ ረቢ» ሲል ብቻ ሰምቼዋለሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሲያባራ ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ ተነሥቶ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሽማግሌ አልነበረንም፤ ቢኖር ኖሮ ያበላሸው ነበር።

መስከረም እንዳለፈ ገመዳ ለጣራው አሸንዳ፣ የውሃ መውረጃ፣ ሊገጥም ነው ተብሎ ለሠፈሩ ተነገረ። ገመዳና ሁሴን ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ነቅለው፣ አፉን ከወንጂ አዙረው እንደገና መቱት። እትዬ አስካለ በየቀኑ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰሃኑን ያስቀምጡና ወዲያው ይመለሳሉ። ገመዳ ማን እንደ ተናገረበት አንድም ቀን አልጠየቀም። ቢጠይቀኝ እኔ ነኝ እለው ነበር መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።

ጣራው ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ዛሬም እዚያው ቤት ነን። ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን የማነበውን መጽሐፍ አጥፌ እቀመጣለሁ፤ ማንበብ አልችልም። ጽጌ ትስቅብኛለች። «ጣራው እኮ ተሠርቷል» ትለኛለች። መሠራቱን አውቃለሁ። ጆሮዬን የምሰጠው ለጣራው አይደለም፤ ዝናቡን ቀድሞ የሚመጣ ኮቴ እንዳለ ለመስማት ነው።